የሌሶቶው በረዶ መጥረጊያ

ባሌ ፀጋዬ የበረዶ መጥረጊያ ሊገዛ ነው ሲባል ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ፣ ሐበሻ በሚነግድበት ጄፒ መንገድ ላይ ያልሳቀ ሐበሻ አልነበረም። እኔ ልብስ የምሸጥበት ሕንፃ ውስጥ ያለች አንዷማ፣ «በለጥሽ፣ በረዶውን ከየት ልታመጡት ነው? ከፍሪጅ?» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሳቂ፣ አልኳት። ጆበርግ ላይ በረዶ በስንት ዓመት አንዴ ብትጥል ነው፤ እሷም ፎቶ ሳይነሷት ትቀልጣለች። ግን እኔ ስለ በረዶ ምን አገባኝ? እኔ የፈለግኩት ባሌን ነበር።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ፀጋዬ ከሆሳዕና ተነስቶ፣ ያን ሁሉ አገር በእግርም በጭነት መኪናም አቆራርጦ ጆበርግ ሲገባ የተቀበሉት ጋሽ ማናሴ ናቸው። ጋሽ ማናሴ ያገራችን ሰው፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ጅምላ ነጋዴ ናቸው። አብልተው አስተኙት፤ ቆየት ብለው ደግሞ ዲፕስሉት ሎኬሽን፣ ከከተማው ዳር ያለ የድሆች ሰፈር ውስጥ ስፓዛ ከፈቱለት። ስፓዛ የሚሏት ያቺን የቆርቆሮ ሱቅ ነው። ከፊቷ ብረት ነው፤ ዳቦና ሲጋራ በቀዳዳ ይሰጣል። ባለሱቁም ማታ እዚያው ከዕቃው መሀል ይተኛል፤ ካልተኛ ጠዋት ዕቃ የሚባል ነገር አያገኝም። ስለዚህ እኔ ከተማ፣ እሱ ሎኬሽን። ባልና ሚስት ተብለን የምንተያየው እሁድ እሁድ፣ ያውም እሱ እያንቀላፋ ነበር።

አምና ሌቦች መጡበት። በቀዳዳው ተኮሱና ጥይቷ በጆሮው ሥር አልፋ የዳቦውን ሳጥን በሳችው። ደውሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «በለጥሽዬ፣ ዳቦ ተበላሸብኝ!» ይሄን ሰውዬ ምን ትሉታላችሁ? ጥይቷን የነገረኝ ጎረቤቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሞቱን ሊያረዱኝ ነው እላለሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። እስኪደርስ ቁጭ ብዬ አልጠብቅም አልኩ፤ ከዚያች ሱቅ ሳላወጣው እንቅልፍ የለኝም።

ፀጋዬ አንዲት ትንሽ ትራክተር አለችው። ጓደኛው ወደ ኬፕታውን ሲሄድ የተወለት ናት። አልፎ አልፎ አሸዋ ያመላልስባታል፤ በተረፈ የዶሮ ማደሪያ ናት። አንድ ቀን ወደ ላንሴሪያ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለ ትልቅ የመጋዘን ግቢ አሸዋ ሲያራግፍ፣ ሥራ አስኪያጇ ትራክተሯን አየቻት። «ግቢዬን አሸዋና ጭቃ በላው» አለችው። «ለዚች ትራክተር የሚሽከረከር መጥረጊያና ጭቃ የሚገፋ ምላጭ ግጠምላትና በወሩ መጀመሪያ ና፣ ሥራው ያንተ ነው። ካልመጣህ ሌላ ሰው አስገባለሁ።»

ቋሚ ሥራ! በቀን ተሠርቶ ማታ ቤት የሚያስገባ ሥራ! ስሰማ ከባለሥራው በላይ እኔ ዘለልኩ።

አዲሱ መጥረጊያ ግን ዋጋው አይቀመስም። ይሄን ጊዜ ነው አንድ የጨረታ ማስታወቂያ ፀጋዬ ስልክ ላይ ብቅ ያለው። ሌሶቶ ተራራ ላይ፣ ሰዎች በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት አንድ ሆቴል ተዘግቷል አሉ። ዕቃው ጆበርግ መጥቶ ሊሸጥ ነው። ከዕቃው ውስጥ ለትንሽ ትራክተር የሚገጠሙ፣ ያገለገሉ የበረዶ መጥረጊያዎች አሉበት፤ አንዱ ምላጭ፣ አንዱ ተሽከርካሪ መጥረጊያ፣ አንዱ ደግሞ በረዶ እየዋጠ ወደ ጎን የሚተፋ ማሽን። ሦስቱም ባንድ ላይ ነው የሚሸጡት።

«በረዶ የጠረገ አሸዋ ያቅተዋል?» አለኝ ፀጋዬ። ዓይኑ እንዲያ ሲበራ ያየሁት የሠርጋችን ቀን ነው፤ ያን ቀንም እንዲህ አልበራም ብል ማን ይከለክለኛል።

የጨረታው ዕለት ጠዋት ዕቃውን ማየት ተፈቀደ። ፀጋዬ የእሁድ ሸሚዙን ለብሶ ሄዶ ማሽኑ ሥር ተጋደመ። ኧረ ሸሚዙ ብል ማን ሊሰማኝ! ምላጩ ጠርዙ ተበልቷል፤ «ብሎኑን ፈትቼ እገለብጠዋለሁ፣ ሌላኛው ወገን አልተነካም» ይላል። የመጥረጊያው ብሩሽ ባንድ በኩል አልቋል፤ «ይቀየራል» ይላል። ከሞተሩ ጉልበት የሚቀበለውን ዘንግ በእጁ አዞረው፤ ሳይንገጫገጭ ሽክርክር አለ። ከዚያ ሜትሩን አውጥቶ ከትራክተሩ ኋላ የሚያያዝበትን ለካ፣ ደግሞ ለካ፤ እንደ ሕፃን እየሳቀ ከሥር ብቅ አለ።

«በለጥሽ፣ ልክክ ይላል!»

«ይሄ የሚተፋውስ ምን ያደርግልናል?»

«ለሚስቁብን እናስቀምጥላቸዋለን፣ በረዶ ሲመጣ እንተፋባቸዋለን!»

አዳራሹ ገብተን ከኋላ ተቀመጥን። ዋጋ ለመጨመር የሚነሳው ባለ ቁጥሩ ካርድ ፀጋዬ እጅ ነው። ጨረታ መሪው እንደ ሆሳዕና መናኸሪያ ረዳት ነው የሚናገረው፤ ትንፋሽ የለው፣ ነጥብ የለው። የኛ ተራ ሊደርስ አንድ ዕቃ ሲቀረው በሩ ተከፈተ፤ ማን ቢገባ ጥሩ ነው? ጋሽ ማናሴ!

ፀጋዬ ብድግ አለ። «ኖር፣ ጋሼ!»

«በእግዚአብሔር! ተቀመጥ ልጄ» አሉና ከፊታችን ካለው ወንበር ተቀመጡ። እኔ ደግሞ በረከት ገባልን ብዬ ደስ አለኝ፣ ሞኝ!

የኛ ዕቃ ተጠራ። ፀጋዬ ካርዱን አነሳ። አንድ ቁምጣ የለበሰ ነጭ ገበሬ ጨመረበት። ፀጋዬ መለሰ፣ ገበሬው መለሰ። እኔ ጥፍሬን ልጨርሰው ነው። በዚህ መሀል ከፊታችን ሌላ ካርድ ተነሳ። የጋሽ ማናሴ!

የፀጋዬ እጅ ወረደ። ካርዱን ጉልበቱ ላይ ደፋው።

«ምን ሆነሃል? አንሳ እንጂ!» ብዬ ጎኑን ቆነጠጥኩት።

«ጋሼ ናቸው እኮ! የበላሁበትን ወጪት ልስበር?»

ጋሽ ማናሴ ዞር ሲሉ የተደፋውን ካርድ አዩ፤ ገባቸው። ወዲያው የራሳቸውን አወረዱና በእጃቸው፣ አንተ ውሰድ፣ አሉት። እሱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ኧረ አይሆንም፣ እርስዎ ይውሰዱ፣ ይላል። እሳቸው፣ በሞቴ። እሱ፣ በጭራሽ! በር ላይ ይግቡ፣ አንተ ግባ ሲባባሉ ምሳው እንደሚቀዘቅዝባቸው ሰዎች ሆኑ። የኛ ሰው ከቶ በምን ይሻላል? ጨረታ መሪው ይሉኝታን ምን ያውቃል! ገበሬው በጋሽ ማናሴ ላይ ጨምሮ ኖሮ የመጨረሻው ዋጋ የእሱ ነው። «አንድ ጊዜ!» አለ መዶሻውን አንስቶ። «ሁለት ጊዜ!» ገበሬው ባርኔጣውን ለመውሰድ እጁን ዘረጋ።

ያን ጊዜ ምን እንደነካኝ አላውቅም። አውቃለሁ እንጂ! ያቺ ጥይት ናት የነካችኝ። ካርዱን ከፀጋዬ ጉልበት ላይ መንጭቄ ተነሳሁ። ቁጭ ብሎ ማንሳት ይበቃ ነበር፤ እኔ ግን በሽማግሌው ፊት ቆሜ፣ በአማርኛ፣ «አለን! አልሸሸንም!» ብዬ ጮህኩ። አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ገበሬው ጨመረ፤ እኔ እሱ እጁን ሳያወርድ ጨመርኩ። ደገመ፤ ደገምኩ። ይኸኛው ከአቅማችን ጫፍ ላይ ነው፤ አንድ እርምጃ ቢጨምር አለቀልን። ጌታ ሆይ፣ እጁን ያዝልኝ! ገበሬው አየኝ፣ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው የዕቃው ፎቶ ላይ አፈጠጠ፣ እንደገና አየኝ፤ ከዚያ ሳቀና ጭንቅላቱን ነቀነቀ። መዶሻው ወረደ።

የኛ ሆነ!

ፀጋዬ ግን አንገቱን እንደ ደፋ ነው። «አዋረድሽኝ» አለኝ በሹክሹክታ። «ከእንግዲህ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» ሳይመሽ ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ወደ ጋሽ ማናሴ ሄጄ ጉልበታቸውን ልስም ዝቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ።

«ለምንድን ነው የፈለጋችሁት?» አሉ።

የሥራ አስኪያጇን ቃል፣ ጥይቷን፣ ስልክ ሲጮህ የምሆነውን፣ ባንድ ትንፋሽ ዘከዘክሁላቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። ለካ ስለ ጥይቷ ማንም አልነገራቸውም። ያከበራቸው ፀጋዬ፣ የከፈቱለትን ሱቅ እንዳያማባቸው ብሎ ደብቋቸው ኖሯል።

«እኔ የፈለግኩት ለመጋዘኔ ጓሮ ነበር፤ አካፋም ይበቃዋል» አሉኝ። ከዚያ፣ «ፀጋዬ፣ ና ወዲህ!»

መጣ፤ ዓይኑ መሬት ላይ ነው።

«ቀና በል። ሱቁን የከፈትኩልህ እንድትኖርበት ነው። እኔን አክብረህ እንድትሞትበት አይደለም።»

ሽማግሌው በቁጣ ዓይነት፣ «ስልክህን አውጣ» አሉት፣ «ለአከራይህ አሁኑኑ ንገራት። እዚሁ፣ እኔ እየሰማሁ።»

አከራይዋ ሱቋ የቆመችበት ግቢ ባለቤት ናት፤ ሎኬሽኑ በሙሉ ጎጎ፣ አያቴ እንደ ማለት፣ የሚላት አሮጊት። ፀጋዬ በተሰባበረ ዙሉው ሰላምታውን አደረሰና ሱቁን ሊለቅ መሆኑን ነገራት። ድምጿ እኛ ዘንድ ድረስ ይሰማል፦ «ወዬ፣ ማይፍሬንድ! ወዴት ልትሄድብኝ ነው?»

ፀጋዬ አየኝ። በእጁ መዳፍ ዓይኑን ጠረገ።

«ቤቴ ልገባ ነው፣ ጎጎ» አላት።

እኔ እልልታዬን ለቀቅኩት። ጨረታ መሪው ቀና ብሎ መዶሻውን ወደ እኔ ጠቆመ፤ ለካ አንድ ያረጀ የእርሻ ፓምፕ እየተሸጠ ነው፣ ካርዱም አናቴ ላይ ተሰቅሏል። ጋሽ ማናሴ ካርዱን ከእጄ ነጠቁኝ። እኔ እልልታውን አላቆምኩም።