በአንድ ቋንቋ መሐል የቆመው አስተርጓሚ

አባቱም የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበር። ባዕዳኑ አገሩን በሚገዙበት ዘመን የወረዳው ዳኛ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ የሰዉን ቋንቋ «ደህና ዋሉ» ከማለት በላይ የማያውቅ ሰው ስለነበር፣ የከሳሽም የተከሳሽም ነፍስ ያለችው በአስተርጓሚው አፍ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ባለጉዳይ ችሎት ከመግባቱ በፊት በአስተርጓሚው ጓሮ በር ብቅ ይላል። ባዶ እጁን የመጣ ሰው ንግግሩ አጥሮ፣ ተጣሞ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ተገልብጦ ዳኛው ጆሮ ይደርሳል። ሰው አባትየውን ፊት ለፊት «አፋችን» ይለዋል፤ ዞር ሲል ግን ሌላ ስም ነበረው። ልጁ ያንን ሌላውን ስም ትምህርት ቤት ሰምቶ፣ ተደባድቦ፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ቤት ቢገባ፣ አባትየው «የሰደበህ ልጅ ዛሬ ምሳውን በልቷል?» አለውና ወደ ሳህኑ ተመለሰ።

ባዕዳኑ ባንዲራቸውን አጥፈው ሲሄዱ አባትየው ሞቶ ልጁ በቦታው ተተክቶ ነበር። በአባቱ ወንበር ይቀመጥ እንጂ የጓሮውን በር በሚስማር ጠርቅሞታል። ሚስቱ «ሞኙ ባሌ» ትለው ነበር፤ ግማሹ ፍቅር፣ ግማሹ ምሬት።

በነፃነቱ ማግስት ለወረዳው አንድ ወጣት ዳኛ ተላከ። የመጀመሪያ ቀን ካባውን ወንበሩ ላይ አንጠልጥሎ፣ ባለጉዳዮቹን በገዛ ቋንቋቸው «እስቲ ንገሩኝ፣ ምን ተገኘ?» አላቸው። ከኋላ አንዲት አሮጊት «ውይ! ይናገራል እንዴ?» ከማለቷ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ ዳኛውም አብሮ ሳቀ።

አስተርጓሚው ሥራ ፈታ፤ ሥራ ፈትቶ እንደዚያ የተደሰተ ሰው ግን ታይቶ አይታወቅም። ዳኛው ፍርዱን ደጃፍ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ እንዲያነብ አደረገው። ከየመንደሩ ሰዉ ራሱ የመረጣቸው ሽማግሌዎች ከዳኛው ጎን ይቀመጡ ጀመር፤ የማይረባ ሽማግሌ ሲገኝ ደግሞ መንደሩ ይለውጠዋል። የፍርድ ቤቱ ጣሪያ ሲያፈስ ነዋሪው ቆርቆሮ አዋጥቶ አለበሰው። ጣሪያ ያለበሰ ሰው ከሥሩ የሚሠራውን ለመጠየቅ አያፍርም፦ «ያ ጉዳይ ለምን ቆየ? ያኛውስ ለምን ተለቀቀ?» የወረዳው ገዥ ባሏ የሞተባትን ሴት ማሳ አጥሮ ቢከሰስ፣ እንደማንም ሰው ተጠርቶ ቆመ፤ ተፈረደበትም። አስተርጓሚው ያንን ፍርድ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበ። እቤቱ ገብቶ ሚስቱን «እንዲህ ከቀጠለ ልጃችን የምትኖርበት አገር ሌላ ነው» አላት።

ገዥው ግን አጥሩን ነቀለ እንጂ ቂሙን አልነቀለም። ዋናው ከተማ ውስጥ ትልቅ ወንበር ላይ የተቀመጠ ወንድም ነበረው። ብዙም ሳይቆይ ወጣቱ ዳኛ «ዕድገት» ተሰጥቶት ወደ ከተማ፣ አቧራ ወደሚጠበቅበት አንድ መሥሪያ ቤት ተዛወረ። ሽማግሌዎቹ ተመስግነው ተሰናበቱ። ከዋናው ከተማ የመጣ ባለሥልጣን አደባባይ ቆሞ «ከእንግዲህ ሕዝባችን ምንም አያዋጣም! መንግሥት አሁን ከተገኘው ማዕድን በሚገባለት ገንዘብ ሁሉን ይችላል!» ሲል ሰዉ አጨበጨበ። አስተርጓሚውም አጨበጨበ። ሸክም ሲወርድለት የሚያለቅስ ማን አለ?

አዲሱ ዳኛ የዚያው ወረዳ ልጅ ነበር። ሆኖም ሕጉ የተጻፈው በባዕዳኑ ቋንቋ ስለሆነ ችሎቱም በዚያው ይሁን ተባለና አስተርጓሚው ወደ ወንበሩ ተጠራ። መጀመሪያ የቀረበው ባለጉዳይ አናጺ ነበር። ዳኛውን ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና ፊቱ በራ፦

«ጌታዬ፣ እርስዎ የአክስቴ ልጅ አይደሉም እንዴ? ወንዙ ውስጥ አብረን አይደል ያደግነው!»

ዳኛው ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ትርጉሙን ጠበቀ። አስተርጓሚው በባዕዳኑ ቋንቋ «የአክስቱ ልጅ መሆንዎን ይጠይቃል» አለ።

«ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም በለው» አለ ዳኛው በዚያው ቋንቋ።

አናጺው ትርጉም አልጠበቀም። የዘመዱን ፊት አይቶ ገብቶታል፤ አንገቱን ደፋ።

አስተርጓሚው ዓመታት ሠራ፤ ቃል ሳያጎድል፣ ቃል ሳይጨምር። ምን ዋጋ አለው? ሰዉ እሱን አልፎ ዳኛው ቤት መሄድን ተማረ። «ደግ ሰው ነው፣ ግን ምን ያደርግልሃል?» ይሉት ነበር፣ ስለ ደረቀ ምንጭ እንደሚያወሩ። በመጨረሻ የዳኛው አማች ቦታውን ፈለገና እሱ በጡረታ ተሸኘ።

ሚስቱ ከሞተች በኋላ ብቻውን በሚኖርበት ቤት ላይ የገዥው ልጅ ዓይኑን ጣለ፤ ነዳጅ ማደያ ሊሠራበት ነው። ሽማግሌው ከሰሰ። በቀጠሮው ቀን አዲሱ አስተርጓሚ ኮሪደር ላይ ጠጋ ብሎ «አባባ፣ ወጉን እርስዎ አያጡትም። የጀመሩት አባትዎ ናቸው ሲሉ ሰምቻለሁ» አለው ፈገግ ብሎ። ሽማግሌው እጁን ወደ ኪሱ አልሰደደም።

ችሎት ፊት በባዕዳኑ ቋንቋ መናገር ሲጀምር ዳኛው አቋረጠው፤ ባለጉዳይ የሚናገረው መሐላ በፈጸመ አስተርጓሚ በኩል ነው። ስለዚህ በእናቱ ቋንቋ ተናገረ፦ «ቤቱን አባቴ ሠራው። እኔ ለማንም አልሸጥኩም።»

አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገና፣ አባትየው ቤቱን እንደሸጠው፣ ሰውየውም ሠራሁት እንደማይል ተረጎመ።

«ውሸት ነው!» ብሎ ጮኸ ሽማግሌው። «ዳኛ ሆይ፣ ሰምተውኛል እኮ! የተናገርኩት የእርስዎን ቋንቋ ነው!»

ዳኛው ሁለቱንም በደንብ ሰምቷል። የጻፈው ግን ሁለተኛውን ነው፤ ችሎት በመድፈርም ቀጣው። ቤቱን ዶዘር ሲንደው ሽማግሌው ቆሞ አላየም። ጠቅልሎ ከተማ፣ ነርስ ልጁ ዘንድ ገባ።

እዚያ ነው ያንን የመጀመሪያውን ዳኛ ያገኘው። ልጁ በምትሠራበት ሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ተራ ይጠብቃሉ። በድምፃቸው ለያቸው። ተቃቅፈው ከቆዩ በኋላ ዳኛው ስለ ወረዳው ጠየቁ፤ እሱም አንድም ሳይደብቅ ነገራቸው።

«ያኔ እኔን ባያነሱኝ ኖሮ ይለወጥ ነበር እያልኩ ነው የኖርኩት» አሉ ዳኛው።

«አይመስለኝም፣ ጌታዬ። እርስዎም አንድ ሰው ነዎት፤ አንድ ቀን ይታመማሉ፣ አንድ ቀን ይታለላሉ። አታዋጡ ያሉን ዕለት ነው ያለቀልን። በየወረዳው ዳኛውንም ገዥውንም ሰዉ ራሱ የሚሾም፣ ራሱ የሚሽር ቢሆን፣ ከተማ ያሉትም ያለ እኛ መዋጮ ምሳቸውን መብላት ባይችሉ፣ ወደው ሳይሆን ተገደው ይሰሙን ነበር። ባዕዳኑ እኛን ለመግዛት የሠሩትን ቤት ከነአሠራሩ ተረከብን፤ በዚያ ላይ ማዕድኑ ተጨመረበት።»

«አሁንስ?»

«አሁን እኛ ለምናቸው ነን? የማዕድኑ ኩባንያ ይከፍላቸዋል። ብንኖርም ብንሞትም ሒሳባቸው አይጎድል።»

ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ልጁ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች መጣች። «አባባ ዳኛ፣ የዓይን ጠብታው አልቋል። ውጭ ካለው የግል መድኃኒት ቤት ይግዙ» አለች፤ ዓይኗን ግን ከወለሉ አላነሳችም።

«ትናንት ገባ አላልሽም?» አላት አባቷ።

«ገብቶ ነበር፤ ማታ ወደዚያው መድኃኒት ቤት ወጣ።»

አባቷ ዳኛውን ክንዳቸውን ደግፎ አስነሳቸው፤ ሁለቱ ሽማግሎች ሰዉን እየገፈተሩ፣ በሰዉ እየተገፈተሩ፣ ቀስ እያሉ ወደ በሩ ሄዱ።