መሸኛ ያልተጻፈላት ተማሪ

የልጄ መርዶ የደረሰኝ ማክሰኞ ቀን፣ ቂሊንጦ ፋብሪካ ፈረቃ ላይ ሆኜ ነው... እህቴ ደውላ «ሶስናን ትንሽ አሟታልና ነይ» አለችኝ። ሰርቪሱን ሳልጠብቅ በሚኒባስ ሄድኩ። ሰፈር ስደርስ የዕድሩ ድንኳን እየተተከለ ነበር። ለ«ትንሽ አሟታል» ድንኳን አይተከልም።

ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ትምህርት ቤቷ ቤተ መጻሕፍት ነው።

ሶስና አራተኛ ክፍል ነበረች። ልቧ ከሕፃንነቷ ደካማ ስለሆነ እንደ እኩዮቿ አትሮጥም፤ ታነባለች። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ለእያንዳንዱ ልጅ የንባብ ዕቅድ አውጥቷል፤ በዓመት ሠላሳ መጽሐፍ። በየሰኞው የቤተ መጻሕፍቱ የሳምንት ውሎ በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ይለጠፋል። የትኛው ክፍል የተረት ቀን እንዳከበረ፣ ስንት መጽሐፍ እንደተጠገነ፣ ድመቷ የሳይንስ መደርደሪያ ሥር ስንት እንደወለደች... ከዚያ የልጆቹ ዝርዝር ይከተላል።

አርባዋን ካወጣሁ በኋላ ስልኬን ከፈትኩ። «ሶስና፣ 4ኛ ቢ። ዕቅድ 30፣ የተነበበ 19። ወደ ኋላ የቀረች። የወላጅ ክትትል ያስፈልጋታል» ይላል።

በሚቀጥለው ሰኞ «ምንም መሻሻል አላሳየችም» ተባለ። እውነት ነው... አላሳየችም።

በሦስተኛው ሰኞ ከወላጇ ጋር ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ እንድትመጣ ታዘዘች። የትእዛዙን ግማሽ መፈጸም ስለምችል ሄድኩ።

የክፍሏ መምህርት ለቅሶ ደርሳኛለች። ግን ወሬው ከአራተኛ ቢ ተነስቶ ቤተ መጻሕፍቱ ለመግባት ሜዳውን ማቋረጥ አለበት፤ ሜዳው ደግሞ ሰፊ ነው።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ከሌላ ትምህርት ቤት በቅርቡ የመጣ ወጣት ነው። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሼ ፊቱ ቆሜያለሁ... እሱ ዓይኑን ከዝርዝሩ አላነሳም። የሶስና እናት መሆኔን ስነግረው፣ ያልመለሰችው አንድ መጽሐፍ እንዳለ ነገረኝ። ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። ስሟን ከዝርዝሩ እንዲያወጣልኝ ለመንኩት።

«መሸኛ ካልተጻፈላት አይቻልም እናቴ።»

ልጅ ትምህርት ቤት ሲቀይር የሚጻፈውን ወረቀት ማለቱ ነው። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው።

«ሸኝቻታለሁ እኮ» አልኩት።

«የት ገባች?»

«ገብርኤል።»

እኔ የነገርኩት ቤተ ክርስቲያኑን ነው። እሱ የሰማው የግል ትምህርት ቤት ነው፤ እንግዲህ ባገራችን መላእክቱም ትምህርት ቤት አላቸው። ፊቱ በራ። ልጁ የት እንደሚማር የሚያስብ ወላጅ ብርቅ መሆኑን፣ እኔን የመሰለ ቢበዛ ሥራው እንደሚቀለው አጫወተኝ።

«ለንባብስ ይመቻል?» አለኝ።

«ጸጥታ አለው» አልኩት።

ማረም ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። ግን ለሁለት ደቂቃ ያህል ልጄ ትምህርት ቤት የቀየረች ልጅ ሆነች... ያንን የምታርም ሌላ እናት ትፈለግ።

መሸኛውን ለማስጻፍ ይረዳል ብሎ የንባብ ካርዷን ከሣጥን አወጣ። ካርዱ ላይ የመጽሐፉ ርዕስ አለ፣ «ለማን አነበብሽ?» የሚል ቦታ አለ፣ ከጎኑ «ሰምቻለሁ» ተብሎ ወላጅ ይፈርምበታል። እኔ እሁድ እሁድ የሳምንቱን በአንድ ላይ ነበር የምፈርመው፣ ሳላየው። ሳልሰማ ሰምቻለሁ።

ወጣቱ እየሳቀ ጮክ ብሎ ያነብልኝ ጀመር።

«ለዶሮዋ... ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘይነባ... ለዶሮዋ፣ ግን ሳልጨርስ ሄደች...»

እኔም ፈገግ አልኩ። ቀጠለ።

«ለእማዬ፣ ተኝታ። ለእማዬ፣ ተኝታ። ለእማዬ፣ ተኝታ፣ ግን አንዴ እሺ ብላኛለች።»

የልጆቹ ትንሽዬ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ያኔ ቀና ብሎ አየኝ... ጥቁሩንም አየ።

«የትኛው ገብርኤል ነው ያሉኝ?» አለ ቀስ ብሎ።

እስክሪብቶውን አስቀምጦ ተነሳና ቆሞ ይቅርታ ጠየቀኝ። መሸኛ እንደማያስፈልግ፣ ስሟን ዛሬውኑ እንደሚያወጣው ነገረኝ።

የሄድኩት ለዚሁ ነበር። ግን እሷ ከሄደች ወዲህ፣ እንዳይከፋኝ ተብሎ፣ እኔ ፊት ስሟን የሚጠራ ሰው የለም። እህቴ እንኳ ስሟ ሊያመልጣት ሲል ትስላለች። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሳይጨነቅ፣ ሶስና የሚላት ያ ክፉ ዝርዝር ብቻ ነው።

«ስሟ ይቆይ» አልኩት። «ወደ ኋላ የቀረች የሚለውን ብቻ ያጥፉልኝ። ሰነፍ አልነበረችም።»

መጽሐፉንም ካርዱንም መልሶ በእጄ ሰጠኝ።

ባለፈው ሰኞ ዝርዝሩ ወጣ። «ሶስና፣ 4ኛ ቢ። ዕቅድ 30፣ የተነበበ 19» ይላል፤ ቀጥሎ ያለው ባዶ ነው። ድመቷ ልጆቿን ከሳይንስ ወደ ታሪክ መደርደሪያ ማዛወሯም ተገልጿል። ያለ መሸኛ።

መጽሐፉ ስለ አንዲት ኤሊ ነው። እኔ ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ በቀን አንድ ገጽ ጮክ ብዬ አነባለሁ... እኔና ኤሊዋ እኩል እየሄድን ነው። ካርዱን ግን ከአሁኑ ሞልቼዋለሁ። ለማን አነበብሽ? «ለሶስና፣ ተኝታ።»

እናንተም በጸሎታችሁ አስቧት። የክርስትና ስሟ ወለተ ሚካኤል ነው፤ በሱ ጥሩልኝ። ሶስና ካላችኋትማ መጽሐፍ መልሺ የምትሏት ይመስላታል።