በሰው ትንፋሽ የወረደ ሙሾ

ሚያዝያ 14 ቀን 2001 ዓ.ም. ሀብትነሽ በደብተሯ ላይ «የሩቅ አገር አፈር እንዴት ይዞህ ይሆን፣» ብላ ጻፈችና ተወችው። ቤት የሚደፋው ሁለተኛው ስንኝ እስከ ዛሬ የለም።

ሀብትነሽ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ የታወቀች ሙሾ አውራጅ ነበረች። ለቅሶ ቤት ገብታ ድምፅዋን ከለቀቀች፣ ከሟቹ ጋር በድንበር የተካሰሰ ጎረቤት እንኳ ደረቱን ይደቃል። መተዳደሪያዋ ግን አረቄ ማውጣት ነበር። ከልጅነቷ ጀምራ በጭስ በታፈነ ጎጆ እሳት ስትቆሰቁስ ኖራ ሳንባዋን አስበላች።

ታናሽ ወንድሟ ገነነ ወደ ባድመ ዘምቶ በዚያው ቀረ። መርዶው ሲመጣ ሬሳ ስለሌለ ልብሱን ዘርግተው ተቀመጡ። ሕዝቡ እሷን ጠበቀ። ተነሥታ «ገነነ ወንድሜ» ከማለቷ ሳሉ ያዛት። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው። ለባዕድ ሁሉ ያወረደች ሴት ለገዛ ወንድሟ አንድ ስንኝ ሳትሞላ ለቅሶው ተበተነ። ከዚያ ወዲህ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ገነነ በእሷ ቃል ሲለቀስለት መስማት።

ለሕክምና ፍኖተ ሰላም ስትመላለስ፣ ነርስ ሕሊና ሳል የከረመባቸውን በሽተኞች ሰብስባ «ልባችሁን የከበደውን ነገር ጻፉት» ትል ጀመር።

«ደግሞ ጥፈት ጭስ ይጠርጋል?» አለቻት ሀብትነሽ።

«ሳንባዎንስ አያድንም፣ እማማ። መድኃኒቱንም አይተካም። የታመቀ ሐዘን ግን ትንፋሽ ይሻማል፤ ትንሽ ቢቀልልዎ ብዬ ነው።»

ሀብትነሽ ፊደል በመሠረተ ትምህርት ዘመን ቆጥራ ነበር። ደጃፏ ላይ ፀሐይ እየሞቀች፣ እንጨት እንደሚጠርብ ሰው እያዘገመች ጻፈች። የጻፈችው ሁሉ ገነነ ነው፤ አረማመዱ፣ በሬ ሲጠራ ድምፁ፣ ሳቁ። ነገር ግን ሙሾ በጆሮ ካልተሰማ ልኩ አይታወቅም፤ ስለዚህ በቀጭን ድምፅ ታዜመው ነበር።

በዚያ የሚያዝያ ቀን ቤት የሚደፋውን ስንኝ ፍለጋ ስታዜም፣ ከአጥር ማዶ ጎመን የምትቀነጥሰው ጎረቤቷ ያምሮት ሰማቻት። በዚያ አገር ያለ ሞት ሙሾ የሚያወርድ የለም፤ ሟርት ነው። ያምሮት ሌላ አላሰበችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ «ዋይ! ዋይ!» እያለች ገባች። እሷን የሰማ ሁሉ ተከትሎ ግቢውን ሞላው።

«ማን ነው የሞተው፣ እታለም?» አለች ያምሮት።

«ማንም አልሞተ! በጩኸትሽ ሰው የገደልሽ አንቺ ነሽ!» አለች ሀብትነሽ እያሳለች።

ጎረቤቷ ላቀው በሬዎቹን ከነቀንበራቸው ትቶ ነበር የመጣው። «እንግዲያ ሟች ፈልጉልን፤ እኔ እንባዬን ይዤ አልመለስም» አለ። ሰው ሳቀ።

ሀብትነሽ አልሳቀችም። ግቢውን የሞላውን ሰው አየች።

«ሟችስ አለ» አለች። «ገነነ ነው። ያን ጊዜ አቃተኝ። ያምሮት፣ ያንቺ ሳንባ እንደ ወናፍ ነው፤ ወዲህ ነይ።»

በጆሮዋ ሹክ አለቻት። ያምሮትም ለቀቀችው፦

ገነነ ወንድሜ፣ የጥማዱ ጌታ፣
በሬህ ይጠራሃል፣ ሲነጋና ማታ።

ሳቁ ጠፋ። ሀብትነሽ ትንፋሿን እየሰበሰበች ትነግራለች፣ ያምሮት ታወርዳለች፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ላቀው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። «የሩቅ አገር አፈር እንዴት ይዞህ ይሆን» የሚለው ላይ ሲደርሱ ለሀብትነሽ ቤት የሚደፋው ስንኝ አልመጣላትም። ከየአቅጣጫው ቤት ሊደፉላት ሞከሩ፤ ሁሉንም በእጇ መለሰችው።

«ያላየሁትን አፈር ምን ልበለው? ደግ ነው ልበል? ክፉ ነው ልበል? ይቅር።»

ወደ ሐኪም ቤት ስትመለስ ሕሊና «ቀለለዎ?» ብላ ጠየቀቻት። «ሳሉስ ያው ነው፣ ልጄ። ወንድሜን ግን አለቀስሁት።»

«ናፍቆቱስ?»

«እሱማ ገና አሁን መቀመጫ አገኘ» አለች።

ሀብትነሽ ያረፈችው በተከታዩ ዓመት በኅዳር ወር ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ በጋሪ ቡሬ ገበያ ወርዳ የተበሳ ባልዲዋን አስበየደች። ሠሪው ጨርሶ ሲሰጣት ውኃ አስሞልታ አየችው፤ አላፈሰሰም። «ሳንባም እንዲህ ቢበየድ» አለችው። ሒሳቡን ከፍላ፣ ውኃውን ደፍታ፣ ባልዲውን ጭኗ ላይ አድርጋ በጋሪው ተመለሰች።