ለእናቴ የተሰጠ የመንገድ ምክር

ወንድሜ አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ከገባ ወዲህ ምክር ማብዛት ይወድ ነበር። ለገና አስመራ መጥቶ፣ ገጀረት ሠፈር እናታችን ልብስ ከምታጥብበት ቪላ ጓሮ ካለችው ክፍላችን ተቀመጠና፣ ሻሂውን እያማሰለ አዲስ አበባ ወደሚደገሰው የራሱ ሠርግ የምትመጣበትን መንገድ ዘረዘረላት። አውቶቡሱ ጎህ ሳይቀድ ስለሚነሳ ከዋዜማው ትሰናዳ። ለአምባላጌ ብርድ ጋቢ ትያዝ። ደሴ ስታድር ከማታውቀው ሰው ጋር አልጋ ፍለጋ እንዳትሄድ። ሠርጉ ከአስተርዮ ማርያም በኋላ ባለው እሑድ ነውና ቀደም ብላ መጥታ እንዳትጉላላ።

አብሬያት የምሄደው እኔ ስለነበርኩ አንድም ቃል አላመለጠኝም። እንዲህ የሚያስብላት ልጅ አላት ብዬ ኮራሁበት።

እናቴ አማርኛ አታውቅም፤ እኔ ግን ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። ከሥራ ስትመለስ የሙሽራይቱ እናት እሆንላትና "እንኳን ደህና መጡ፤ መንገድ እንዴት ነበር?" እላታለሁ። እሷም የእግዚአብሔርን "ሔ" ከጉሮሮዋ እያወጣች "እግዚአብሔር ይመስገን" ትለኛለች። ከዚያ ተራ እንለዋወጣለን። "ያማረ ሠርግ" የሚለውንም አስጠናኋት፤ ወደደችው። የሙሽራው እናት ናትና ከእመቤቷ ፈቃድ ጠይቃ ሂናዋን ሞቀች። ውሃና ሳሙና የበላው እጇ ቀልቶ ሲያምርላት፣ ለሠፈሩ ሁሉ ስታሳይ ሰነበተች።

ቲኬት ቆርጠን ስንመለስ ፌርማታው ላይ ጎረቤታችንን፣ የመኮንኑን ሚስት አገኘናት። ባሏ ለሙሽራይቱ ቤተሰብ ዘመድ ነው። ከአዲስ አበባ መመለሷ ነበር።

"እንኳን ደስ ያለዎት እማማ" አለቻት። "እንዴት ያለ ያማረ ሠርግ ነበር መሰለዎት። ታመው ቀሩ ሲሉን አዘንን። እንኳን እግዜር ማረዎት።"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "እንታይ ትብል ኣላ?" ምን ትላለች ማለቷ ነው። ግን መተርጎም አላስፈለጋትም፤ ያስተማርኳት ቃላት ነበሩ። ቀስ ብላ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተችና ለሴትዮዋ "እግዚአብሔር ይመስገን" አለቻት።

ሰው እናቱን ይረሳል፤ ያፍርባትማል። ይሄኛው ግን ጋቢዋን ሳይቀር አስመርጦ፣ የምታድርበትን ከተማ ነግሮ፣ ዳሱ ከፈረሰ በኋላ እንድትደርስ ነው የመከራት። አማርኛ አታውቅም ብሎ ነው ያፈረባት። እሷ ደግሞ ለእሱ ስትል እየተማረች ነበር። እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፣ ልለውም አልሞክርም።

ለፋሲካ ሚስቱን አስከትሎ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ። ገና ከበሩ ላይ ቀኑ በድንገት ተቀየረብኝ እያለ ያስረዳ ጀመር። እናቴ ሚስቱን አቅፋ ሳመቻት፣ ወንበርም ሰጠቻት።

እሱ ሊስማት ጎንበስ ሲል ግን እጇን ብቻ ዘረጋችለት። ሂናው ከጥፍሮቿ ጫፍ ገና አልለቀቀም ነበር። ከተወለደ ጀምሮ ከትግርኛ በቀር በሌላ ቋንቋ አናግራው የማታውቀውን ልጇን፣ እንዳስተማርኳት አድርጋ፣ አንድም ቃል ሳትስት፣

"እንኳን ደህና መጡ፤ መንገድ እንዴት ነበር?" አለችው።