የእትዬ ዘሐራ በራድ

ነገሩ የሆነው አምና፣ ሁለተኛ ልጄን ወልጄ ገና አራስ ቤት ሳለሁ ነው። ማንም አልሞተም፣ ምንም አልተቃጠለም። ለሰው ሲነገር እንዲያውም ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ሻይ በጣድሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ሻይ ደግሞ በቀን ሁለቴ እጥዳለሁ።

የምኖረው አዘዞ ነው። ባለቤቴ ሥራው መንገድ ላይ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቤት የለም። በአንድ ግድግዳ የምንዋሰናቸው ጎረቤቴ እትዬ ዘሐራ ይባላሉ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ራቅ ብለው የሚኖሩ፣ ስልሳን ያለፉ ሴት ናቸው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እርሳቸው ሙስሊም። እኛ አገር እንዲህ ያለ ጉርብትና ብርቅ አይደለም፤ ደንቡንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ ሥጋው የነካው ዕቃም ለሌላው አይቀርብም። ሻይና ቆሎ ግን ሁሉንም ያገናኛል።

እትዬ ዘሐራ ከሰዓት በኋላ ሰላታቸውን ሰግደው እኔ ዘንድ ጎራ ይላሉ። ስለ ዕቃው አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔው ነኝ አንድ ቀን "ለእርስዎ ብቻ የምትሆን ትንሽ በራድ ልግዛ" ያልኋቸው። ደስ አላቸው።

"እንግዲያው እኔው ልምረጣት። አንቺን የሚያብረቀርቅ ሁሉ ይሸውድሻል" አሉኝ። ሟች ባለቤታቸው የቤት ዕቃ ነጋዴ ስለነበሩ በዚህ ነገር አይታሙም።

ቅዳሜ ገበያ ወሰዱኝ። ነጋዴው የደረደራቸውን በራዶች አንድ በአንድ አነሱ። ጣታቸውን ወደ ውስጥ ሰደድ አድርገው ቅቡ እንዳልተላጠ ዳሰሱ። ክዳኑን ገጥመው ዘቅዘቅ አድርገው አዩ። ከዚያ ነጋዴውን ውሃ አስመጡና እየሞሉ ቀዱ፤ መቅጃዋ ያንጠባጠበችውን ሁሉ መለሷት።

ሰውየው ሰለቸውና "እማማ፣ በራድ ነው የሚገዙ ወይስ ምራት ነው የሚመርጡ?" አላቸው።

"ምራትማ ስትከፋ ወደ እናቷ ትመለሳለች። በራድ ከከፋች ትመልስልኛለህ?" አሉት።

በመጨረሻ አንዷ ፈተናውን አለፈችላቸው። ውጭዋ ሰማያዊ፣ ውስጧ ነጭ፣ ሦስት ብርጭቆ እንኳ በቅጡ የማትሞላ። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ "ሸክላ የቀመሰውን አይረሳም። ይቺ ግን ቅብ ናት፣ ታጥባ ትጠራለች" አሉኝ። ይህቺን ንግግራቸውን ያዙልኝ፤ በኋላ ለክፋት ተጠቅሜባታለሁ።

በራዷ ከሁለት ብርጭቆዎች ጋር ላይኛው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሻይ በቀር ምንም አልገባባትም።

አምና ምጥ ሲይዘኝ ባጃጅ ጠርተው ሐኪም ቤት ያደረሱኝ እትዬ ዘሐራ ናቸው። ሴት ልጅ ተገላገልሁ። አራስ ቤት ሳለሁ እንድታግዘኝ እህቴ የሺ ከአዲ አርቃይ መጣች። የሺ ጎበዝ ናት፤ ግን እጇ ያገኘውን ነው የምታነሳው። አንድ ጠዋት የበግ መረቅ በዚያች በራድ አሙቃ ይዛልኝ መጣች።

ክው አልሁ። "ምነው በዚህች?" አልኋት።

"ምን አላት? መቅጃ ስላላት ሳትነሺ ትቀጅባታለሽ ብዬ ነው። ሸጋ ዕቃ ናት።"

መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። ግን ደክሞኛል፣ መረቁ ይጣራል፣ ልጅቷ ታለቅሳለች። "እንግዲህ አንዴ ተነክታለች" ብዬ ጠጣሁ። እውነቱን ልናገርና፣ በዚያው ሳምንት ሦስት ጊዜ በእርሷው ጠጣሁ። ለየሺም አንዲት ቃል አልተነፈስሁም።

የሺ ስትሄድ በራዷን በፈላ ውሃ፣ በአመድ፣ በሎሚ አጠብኋት። አሸተትኋት። ውስጧ ነጭ ሆኖ ያበራል። "ቅብ ናት፣ ታጥባ ትጠራለች" አልሁ፣ የእትዬ ዘሐራን ቃል ተውሼ። አዲስ መግዛት አያቅተኝም ነበር። ነገር ግን "የቀድሞዋስ የት ሄደች?" ሲሉኝ ምን እላለሁ? ፈራሁና ወደ መደርደሪያዋ መለስኋት።

ልጆቻቸው ዘንድ ሰንብተው የነበሩት እትዬ ዘሐራ በማግስቱ መጡ። ሻይ ጣድሁ፣ ቀዳሁላቸው፤ እየተጫወቱ መጠጣት ጀመሩ። የራሴን ብርጭቆ ሳነሳ ሻዩ ላይ የምስር ክክ የምታህል ቅባት ተንሳፍፋ አየሁ። የእርሳቸው ዓይን ደከም ያለ ነው፣ አላዩም። ብርጭቋቸውን ጨርሰው፣ ፈጣሪያቸውን አመስግነው፣ መርቀውኝ ሄዱ።

ወዲያው በራዷን ወደ መስኮቱ ወስጄ መረመርኋት። ሆዷ ንጹሕ ነው። ስቡ የተደበቀው መቅጃዋ ውስጥ ነበር፣ ጣትም ጨርቅም የማይደርስበት ጥግ ላይ። ያቺው በውሃ የፈተኗት መቅጃ ናት።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ሰበብ ደረደርሁ። አንድ ቀን ልጅቷ አሟታል አልሁ፤ አንድ ቀን ራሴን አመመኝ ብዬ በሬን ዘጋሁ። ልጄን በሐሰት ማሳመሜ ራሱ ሌላ ጭንቀት ሆነብኝ።

በአራተኛው ቀን እትዬ ዘሐራ ከመተማ የመጡ የሟች ባለቤታቸውን እህት አስከትለው ገቡ። እንግዳዋ ኮስተር ያሉ ሴት ናቸው፤ ቤቱን ቃኘት አድርገው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሻይ ሲባሉ "ይቅርብኝ" አሉ።

እትዬ ዘሐራ ሳቅ አሉ። "ኧረ ጠጪ፣ አትስጊ። እዚህ ቤት የራሴ በራድ አለኝ። ይቺ ልጅ እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቅልኝ።"

እኔ ደግሞ ምን ብል ጥሩ ነው? "መብራት የለም፣ ምድጃው አይሠራም" አልሁ። ከጀርባዬ ቴሌቪዥኑ ዜና ያወራል።

ሁለቱም ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ፣ ከዚያ ወደ እኔ። ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ቁጭ አልሁ። ሁሉንም ተናገርሁ፦ የየሺን መረቅ፣ ሦስት ጊዜ መጠጣቴን፣ ማጠቤን፣ ሻዩ ላይ ያየሁትን ቅባት፣ እርሳቸው መጠጣታቸውን። እንግዳዋ በእጃቸው አፋቸውን ያዙ።

እትዬ ዘሐራ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ በተሻለኝ።

"እህትሽ አላወቀችም" አሉ። "እኔም አላወቅሁም፤ አላህ ባላወቅሁት አይጠይቀኝም። አንቺ ግን ታውቂ ነበር፣ ልጄ።"

"ይቅር ይበሉኝ" አልሁ እግራቸው ላይ ለመውደቅ እየተነሳሁ።

ትከሻዬን ይዘው መለሱኝ። "አራስ ነሽ፣ ተቀመጪ። ይቅር ብያለሁ" አሉና እንግዳቸውን አስነስተው ወጡ። በእንግዳቸው ፊት ስለ እኔ መስክረው ነበርና፣ አንገታቸውን ደፍተው ሲሄዱ ማየት ከሁሉም ባሰብኝ።

በራዷን ለየሺ ላክሁላት። ምክንያቱን በስልክ ስነግራት አለቀሰች። "ምነው ያኔውኑ ብትነግሪኝ?" አለችኝ።

እትዬ ዘሐራ አልቀሩም። ሁለት ሳምንት ቆይተው መጡ። ልጄን አቅፈው ያጫውቷታል፣ የሰፈሩን ወሬ ያወሩኛል፣ ይመርቁኛል። ሻይ ልጣድ ስላቸው ግን "አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁ" ይላሉ። ዓመት ሊሞላው ነው። ሁልጊዜ ጠጥተው ነው የሚመጡት።

ብቻዬን ቅዳሜ ገበያ ሄጄ ሌላ ትንሽ በራድ ገዝቻለሁ። ጣቴን ሰድጄ ዳስሼ፣ ክዳኗን ገጥሜ፣ ነጋዴው እየተነጫነጨ ውሃ አስመጥቼ ነው የመረጥኋት። እስከ ዛሬ ከነላስቲኳ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ናት። ባለፈው ሳምንት እትዬ ዘሐራ ቀና ብለው አዩዋት።

"ውሃ ሞልተሽ ቀድተሽባታል?" አሉኝ።

"አዎ፣ አታንጠባጥብም።"

"ሸጋ ናት" አሉ።

ላወርዳት እጄን ዘረጋሁ። "ተያት፣ ልጄ። ጠጥቼ ነው የመጣሁ" አሉኝ።

ከልባቸው ይቅር እንዳሉኝ አምናለሁ፤ ቂም የሚይዙ ሴት አይደሉም። ግን ቤታችንን የሚለየው ያው አንድ ግድግዳ ነው። ወደ እኔ ሊመጡ ሲሉ፣ ቀድመው ብቻቸውን ሻይ ሲጥዱ ይሰማኛል። የበራዳቸው ክዳን ኳ ሲል እኔ እዚህ ማዶ ሆኜ አፍራለሁ።