የከድር ቆጣሪ

ከድር ሐዋሳ ዳር ወዳለችው ቱላ ሲገባ አካባቢው እንሰትና በቆሎ ነበር። መብራት ከዋናው መንገድ አያልፍም። እሱ ግን የባሕር ዛፍ ምሰሶ ገዝቶ፣ በሰው አይሱዙ አስጭኖ አምጥቶ፣ ጉድጓዱን በገዛ እጁ ቆፍሮ፣ ቆጣሪ እስኪገባለት ድረስ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተ። አምፖሉ የበራ ዕለት ሚስቱ ኑሪያ ደጅ ወጥታ እልል ስትል፣ እኛ ከመንገዱ ማዶ ኩራዝ አብርተን ተቀምጠን ሰማናት።

ከእሱ በኋላ ቤት የሠሩት ይህን ሁሉ አላዩም። ቦታቸውን ከገበሬ በውል የገዙ ናቸው፤ ካርታ የላቸውም፤ ካርታ ለሌለው ቤት ደግሞ ቆጣሪ አይገባም። ስለዚህ ሁለቱ የቅርብ ጎረቤቶቹ ከከድር ግድግዳ ላይ ሽቦ ሳቡ። አንደኛዋ ፅጌ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ በጠዋት ከሐይቁ ዳር ዓሣ እየገዛች፣ ቆራርጣና አጽድታ በማቀዝቀዣ እያቆየች ለምግብ ቤቶች በማቅረብ ልጆቿን ታሳድጋለች። ሁለተኛው በርናባስ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቢሮ የሚሠራ፣ ባለትዳር፣ ንግግር አዋቂ። ከድር ለአንዳቸውም እምቢ አላለም። «መብራት ደግሞ ይከለከላል እንዴ?» ነበር መልሱ።

ሰውየው ከስልጤ አገር የመጣው ገና ጢም ሳያበቅል ነው። የአውቶብስ ረዳት ሆነ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣ፣ የሰው መኪና ነዳ፣ በመጨረሻም የራሱን ሚኒባስ ገዝቶ በሐዋሳና በሻሸመኔ መካከል ሲመላለስ ፀጉሩ ሸበተ። ተሳፋሪ ተሳድቦ ሲወርድ እንኳ መልስ አይሰጥም ነበር። ሰው ላይ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም።

ያደከመው የነዳጅ ሰልፍ ነው። መንገድ ላይ ከሚውልበት ማደያ በር ላይ የሚውልበት ቀን ሲበዛ፣ ሚኒባሱን ሸጠና በኮንትራት የሚሠራባት አንዲት ነጭ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። «ከእንግዲህ ማደያዬ ቤቴ ነው» አለኝ። ደስታው የልጅ ደስታ ነበር።

መኪናዋ በመጣች ማግስት የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ የፍቼ በዓል ደረሰ። ከድር ጎረቤቶቹን ጭኖ በዓሉ ወደሚከበርበት ጉዱማሌ ወሰደን።

«ጋሽ ከድር፣ ሞተሩን ያስነሱት እንጂ፣ ረፈደ እኮ!» አለ በርናባስ ከኋላ።

«የማንን አጥር እያለፍክ እንደሆነ እየው እስቲ» አለው ከድር። መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ መንገድ ከጀመረች ቆይታለች። ፅጌ እስክታነባ ሳቀች።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። የቻርጀሩ ገመድ አጭር ስለሆነ በሳሎኑ መስኮት ማለፍ ነበረበት፤ ገመድ ያለፈበት መስኮት ደግሞ አይዘጋም። ኑሪያ «መኪናዋ እንድትጠጣ እኛን ትንኝ ይጠጣን?» እያለች መስኮቱን በጨርቅ ትወትፋለች። ይህስ ይቻላል። ያልተቻለው ሌላ ነው። ከድር ገና በመጀመሪያው ምሽት መኪናዋን ሲሰካ በሦስቱም ቤት አምፖሎቹ ደፍረስ ብለው የሽንኩርት ልጣጭ መሰሉ። የበርናባስ ቴሌቪዥን ጠፋ።

«ጋሽ ከድር!» አለ በርናባስ በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ። «ራት እየበላች ነው እንዴ?»

«ታገሳት፤ ገና የመጀመሪያው ጉርሻ ላይ ናት።»

በሳምንቱ ሶኬቱ ቀለጠ። የመጣው ኤሌክትሪሺያን ግድግዳውን ከፍቶ የቤቱ ሽቦ ለአምፖልና ለሬዲዮ እንጂ ለመኪና እንዳልተዘረጋ ነገረው። ከድር ሽቦውን በወፍራም አስቀየረ፤ ለመኪናዋ ብቻ የሚሆን ብሬከር አስገባ። ቢሆንም ከምሰሶው የሚመጣው ያው ቀጭን መስመር ነው፤ ሦስት ቤትም ይስበዋል። ኃይሉ ሲወርድ መኪናዋ ራሷ አልቀበልም ብላ ታቆማለች። ከድር ጠዋት ሲነሳ ሞልታለች ያላት መኪና ግማሿ ባዶ ሆና ትጠብቀዋለች። ከታቦር ሰፈር ደንበኛ ደውሎ ሻሸመኔ አድርሰኝ ሲለው፣ ለመሄዱ ሳይሆን ለመመለሱ ይሰጋል። ዕድሜውን በሙሉ ቀጠሮ አጓድሎ የማያውቅ ሰው «ዛሬ አይመቸኝም» ማለት ጀመረ።

ኃይል ያለው መስመር እንዲሰጠው ለመብራት ኃይል አመለከተ። ተፈቀደለትም። ነገር ግን አንድ ቆጣሪ የሚያገለግለው አንድ ቤት ነው፤ ለሌላ ቤት የተሳበ ሽቦ ካለ አስቀድሞ ይነሳ ተባለ። ከድር ይህን ሰምቶ ወደ ቤቱ ተመለሰና ለማንም አልተናገረም። በየምሽቱ መኪናዋን ይሰካል፣ አምፖሉን ቀና ብሎ ያያል፣ ይነቅላል፣ ተመልሶ ይሰካል።

በዚህ መሀል የፅጌ ማቀዝቀዣ ተቃጠለ። ኃይሉ ሲወርድና ሲወጣ ሞተሩ አልቻለም። ለሠርግ ቤት ያዘጋጀችው ዓሣ በሙሉ ሸተተ። እሷ ሽማግሌ ጠራች። ከተጠሩት ሦስት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ከድር ግቢ፣ አቮካዶው ሥር ተቀመጥን። መኪናዋ ከጎናችን ቆማለች።

«ጋሼ ከድር» አለች ፅጌ፤ ድምጿ ገና ዝግ ያለ ነበር፤ «ሠርግ ቤቱ ፊቱን አዞረብኝ። ማቀዝቀዣው ሲያቃስት እየሰማሁ፣ አሁንስ ይነቅሏታል፣ አሁንስ ይነቅሏታል እያልኩ ነው የቆየሁት።»

«ታዲያ ለምን መጥተሽ አልነገርሽኝም?»

«በሰው ቆጣሪ እየኖርኩ ንቀሉ ልበል?»

እውነቷን ነበር።

በርናባስ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ እንደ ሐሳብ ነው የማቀርበው። ከተማ ውስጥ ቻርጅ ማድረጊያ ተከፍቷል። ጋሽ ከድር እዚያ ቢጠቀሙ ሁላችንም እናርፋለን።»

«ሄጄ አይቼዋለሁ» አለ ከድር። «ሰልፍ ነው። እኔ ሚኒባሴን የሸጥኩት ከሰልፍ ሸሽቼ ነው፤ አሁን ደግሞ ተሰለፍ ትለኛለህ?»

ከዚያ በኋላ ነው ቢሮው ያለውን የነገራቸው። ኃይል ያለው መስመር ተፈቅዶለታል፤ ግን የእነሱ ሽቦ ከግድግዳው ላይ መነሳት አለበት። ይህን ሲናገር ማንንም አላየም፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር።

ከድርን አውቀዋለሁ። የሚጠብቀው አንድ ቃል ነበር። ከሁለቱ አንዳቸው «እስከ ዛሬ አብርተውልናል፣ ከዚህ ወዲያ እንደምንም እንሆናለን፣ እርስዎ ሥራዎን ይሥሩ» እንዲሉት ነበር የሚጠብቀው። ያን ቢሰማ ሽቦውን እንደማይቆርጥ እኔ እምልለታለሁ። ሊሰማው የፈለገው ለመቁረጥ አልነበረም።

«በነጻ እንደተጠቀምን አይቆጠር» አለ በርናባስ። «በየወሩ ድርሻችንን ከፍለናል። ይህ በሕግም ቢታይ...»

«በየትኛው ሕግ?» አልኩት። «ሽቦው ራሱ ከሕግ ውጭ ነው።»

«እንግዲህ አባባ፣ እርስዎ ሽማግሌ ሆነው ከወገኑ...»

ፅጌ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «የሙት ልጆች ጨለማ ውስጥ ልትከት ነው? ለቆርቆሮ ብለህ? አንተ ሰው፣ አላህን አትፈራም?»

ዓሣውን ረሳነው፣ ማቀዝቀዣውንም ረሳነው። ጋሼ ስትለው የኖረች ሴት በገዛ ግቢው፣ በሚስቱ ፊት «አንተ» አለችው። ኑሪያ የሻይ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከድር የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፣ መልሶ ፈታ።

«መብራቱ አይቆረጥም» አለ። «ማቀዝቀዣሽንም አሠራልሻለሁ። በሉ ሻይ ጠጡ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እሰይ! በሰላም አለቀ» ብሎ እጁን አጨበጨበ። ሻዩ ተጠጣ። ማንም «እግዜር ይስጥልን» ያለ የለም። ፅጌ እርካታ አልነበራትም፤ በርናባስ የቤቱን በር እስኪያልፍ ድረስ ስለ መብት ያወራ ነበር።

ከድር በከተማው ቻርጅ ማድረጊያ መሰለፍ ጀመረ። ተራው እስኪደርስ መሪውን ተደግፎ ይተኛል። ደንበኞቹ አንድ በአንድ ሌላ መኪና ያዙ። ክረምቱ ሳይወጣ መኪናዋን ታቦር ላለ ነጋዴ ሸጣት፤ ሰውየው ለግቢው የራሱ ትልቅ መስመር አለው። ከድር ዛሬ ተቀጥሮ የሰው ሚኒባስ ይነዳል፤ በዚያው በሻሸመኔ መንገድ፣ በዚያው ሰልፍ።

ሰፈሩ ምክንያቱን አልጠየቀም፤ ራሱ ፈጠረለት። «የቻይና ዕቃ አይደል፣ ባትሪው ሞቶበት ነው» ተባለ። በርናባስም ሲናገር ሰምቼዋለሁ፤ በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ያነበበውን ሁሉ እየጠቀሰ፣ ጋሽ ከድር ቢያማክሩኝ ኖሮ አይሳሳቱም ነበር እያለ። አላረምኩትም። ከድር ራሱ እንዳይነገር ለምኖኝ ነበር። «ማንም እንዲያዝንልኝ አልፈልግም» ነው ያለኝ።

ባለፈው ሳምንት አመሻሽ ላይ ደጄ ተቀምጬ ነበር። የሦስቱ ቤት አምፖሎች ደፈረሱ። ፅጌ ነጠላዋን እያጣፋች ወጥታ የከድርን የብረት በር በመዳፏ ደበደበች። ከድር ከሥራ ገና መግባቱ ነበር፤ አቧራውን እንኳ አላራገፈም።

«ዛሬ ደግሞ ምን ሰካህ?» አለችው።

ከድር የበሩን ሁለቱንም ተካፋች እስከ መጨረሻው ከፈተላት። ግቢው ባዶ ነው። ፅጌ አቮካዶው ሥር አየች፣ ከኩሽናው ጀርባ አየች፣ ሳሎኑ መስኮት ላይ ገመድ እንዳለ ቀና ብላ አየች። መስኮቱ ተዘግቷል።

ከበርናባስ ግቢ የውኃ ድምፅና መዝሙር ይሰማል። ሰውየው በቅርቡ የሻወር ውኃ ማሞቂያ አስገብቷል፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ፅጌም ታውቃለች።

«ታዲያ ምንድን ነው?» አለች።

«እንጃ» አለ ከድር።

ፅጌ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በበርናባስ በር ስታልፍ አላንኳኳችም፤ እርምጃዋን እንኳ አላዘገየችም። ከድር አንዱን ተካፋች ዘጋ፣ ቀጥሎ ሌላውን።

«ማን ነው?» ስትል ኑሪያን ከውስጥ ሰማኋት።

«ማንም» አላት።