ሱልጣን በጾም ቤት

ሰሞኑን ሁለት ጎረምሶች ሱቄ በር ላይ ቆመው ሲከራከሩ ዋሉ። ሱቄ አራዳ ገበያ ጥግ ያለች የሬዲዮና የሞባይል መጠገኛ ናት። ጠባብ ናት፤ ግን ሞቷል የተባለ ሬዲዮ እዚህ ገብቶ ሳይዘፍን የወጣ የለም። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ እየፈታሁ፣ እየሰበርሁ፣ መልሼ እየገጠምሁ ራሴን በራሴ ነው ያስተማርሁት። ክርክራቸው ግን ስለ ሬዲዮ አልነበረም። አንዱ ስልኩ ላይ የቡችላ ፎቶ ከፍቶ "ውሻ ነው ጓደኛ" ይላል። ሌላው "ሂድ ወዲያ! ድመት ንጹሕ ናት፣ አትጮህ፣ አታስፈራ" ይላል። እኔ በዚያ ሰዓት ደጄ ላይ የሚጋደመውን ባለቤት የሌለው ውሻ ጀርባውን በዱላዬ ጫፍ እያከክሁለት ነበር።

"ጋሼ ሙስጤ፣ ምነው በእጅዎ አያኩትም? ይፈሩታል እንዴ?" አለኝ የቡችላው ልጅ።

"የምፈራ እኔ? ይልቅ ስልክህ እንዳይነክስህ ያዘው" አልሁት።

"እሺ እርስዎ ይፍረዱን። ድመት ይሻላል ውሻ?"

በዚህ ጉዳይ ከአዘዞ እስከ ደባርቅ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ካለ ይምጣና ወንበሬን ይውሰድ። "ቁጭ በሉ" አልኋቸው። ለነሱ ያወራሁትን ነው አሁን የምጽፈው።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ጢሜ ገና ማቀምቀሙ ነው፤ መልኬን ተዉት፣ የአዲስ ዓለም ልጃገረዶች ይመስክሩ። አዲስ ዓለም ያደግሁበት፣ የጎንደር እስላሞች የቆየ ሰፈር ነው። አባቴ ነጋዴ ነበር። ጨው፣ ስኳርና አቡጀዲ ወደ ደጋ ይልካል፤ ከደጋ ምስር፣ ባቄላና ነጭ ሽንኩርት ያስመጣል። ተላላኪው እኔ ነኝ። ቤታችን ውስጥ ከአባቴ ቀጥሎ የሚከበረው ግን እኔ አልነበርሁም፤ ሱልጣን ነበር። ሱልጣን ድመታችን ነው።

ግራጫ ሆኖ ደረቱ ነጭ ነው፤ ውፍረቱ የበግ ግልገል ያህላል። አባቴ መስገጃውን ሲያነጥፍ ሱልጣን ጫፉ ላይ ተጠቅልሎ ይተኛል። አባቴ አይቀሰቅሰውም፤ ጠጋ ብሎ በቀረው ላይ ይሰግዳል። እናቴ ከሥጋ ቤት የበግ ሳንባ ታስመጣና ቀቅላ፣ ከትፋ፣ አቀዝቅዛ ታቀርብለታለች። ትኩስ ከሆነ ያኮርፋላ! አይጥ የሚባል ነገር ቤታችን ታይቶ አያውቅም፤ እኔም ይህንን የሱልጣን ጀግንነት አድርጌ ለሰው ሁሉ አወራ ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ መሆኑን፣ እህሉም ከማኪና ወርዶ ሳያድር የሚሸጥ መሆኑን ማን አስቦት።

ውሻ ግን ከግቢ በር አያልፍም። እንጠላው ነበር ማለት አይደለም፤ ትርፍራፊ ይወጣለታል፣ በድንጋይ የሚመታውም የለም። ምራቁ ልብስ ከነካ ግን ያ ልብስ ሳይታጠብ ሶላት የለም። እናቴ በዚህ ቀልድ አታውቅም።

ደጋ ወጥቼ አምባ ጊዮርጊስ ስደርስ ይህ ሁሉ ይገለበጣል። አባቴ እዚያ የቆየ ወዳጅ ነበረው፤ አያ ውበቱ የሚባሉ ገበሬ። እሳቸው ከተማ ሲወርዱ እኛ ቤት ያድራሉ፤ እኔ ለገበያ ስወጣ እሳቸው ቤት አድራለሁ። ማኪናው ዳገቱን እያቃሰተ ሲጨርስ የወገራ ብርድ በመስኮት ገብቶ ጆሮ ይይዛል። ባለቤታቸው እቴ አለሚቱ የክርስቲያን እርድ እንደማልበላ ስለሚያውቁ ድንች በአዋዜ፣ የባቄላ ቆሎ፣ የገብስ እንጀራ በሽሮ ያቀርቡልኛል። ጠላ ስለማልጠጣም የማያሰክር ቀሪቦ ይጠምቁልኛል። እንዲያውም የእነሱ ሁዳዴ ሲገባ ደስታዬ ነው፤ የቀረበው ወጥ ሁሉ የእኔ ነዋ!

ዳማ የሚባል ውሻ ነበራቸው፤ ቀይ፣ አንድ ጆሮውን ጅብ የዘነጠለው። ከበጎቹ ጋር ወጥቶ ከበጎቹ ጋር ይገባል። እንጀራ ሲቆረስ ድርሻው የታወቀ ነው። ድመት ግን በዚያ ቤት ስሟ በደግ አይነሣም።

"ዳማ ብርድ ላይ ያድራል" ይሉኛል አያ ውበቱ። "ድመት ምድጃዬ ዳር አድራ ጠዋት ቂጣዬን ትሰርቀኛለች። የትኛውን ልውደድ?"

በዚያ ዓመት መኸሩን በረዶ መትቶት ነበር። የተረፈችው ገብስ ለዘር ተለይታ ከቤት ኋላ በድንጋይ ላይ የቆመ ጎተራ ውስጥ ተቀምጣለች። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ብሄድ አያ ውበቱ እጄን ይዘው ወደ ጎተራው ወሰዱኝ። አንድ እፍኝ ዘግነው እፍ አሉት። አብዛኛው ገለባ ሆኖ በነነ።

"አይጥ ነው" አሉ። "ከሥር ቦርቡረው ገብተዋል። እስከ ሰኔ የሚቆይልኝ አይመስለኝም።"

"ምነው መርዝ ቢያስቀምጡ?"

"ዐምና አስቀምጬ መርዙን የበላችውን አይጥ ድመታችን በላቻት፤ ድመቷን ቀበርሁ። አሁን ደግሞ ዳማ ቢነካውስ? ዳማ ከሌለ በግ የለኝም።"

"ታዲያ ምን ሊያደርጉ ነው?"

ወደ ግጦሹ አዩ። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት በሬያቸው ቦራ እዚያ ቆሞ ያመነዥካል። "እሱን ሸጬ ዘር እገዛለሁ" አሉ።

"ከዚያስ በአንድ በሬ ሊያርሱ?"

"እኔም እሱን ነው የማስበው፣ ልጀ።"

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ ዝም ማለት አልተፈጠረልኝም። "ኧረ አያ ውበቱ! እኛ ቤት ሱልጣን እያለ? ቦራን እንዳይነኩ! አይጦችዎ ሱልጣንን ሲያዩ ጓዛቸውን ጠቅልለው ደባርቅ ነው የሚገቡ።"

"የከተማ ድመት?"

"ድመት ይበሉት፤ ነብር ነው። ቁመቱ ነው ያነሰው።"

ቤት ስመለስ እናቴ "ልጄን ለዚያ ብርድ?" ብላ ተነሣች።

"እኔስ? በየገበያው ስሄድ ልጄን ለብርድ ብለሽ ታውቂያለሽ?"

"አንተ ካፖርት አለህ።"

አባቴ ግን "ውበቱ በሬውን ከሸጠ በምን ያርሳል? ውሰደው" አለ። ሱልጣንን ይዤ ልወጣ ስል መስገጃው ሙሉ በሙሉ ለአባቴ ሆነ፤ እሱ ግን ከልማዱ የተነሣ ጥጉን ይዞ ሰገደ።

ድመት ከቤት ስትወሰድ መንገዱን እንዳትለይ በጆንያ ነው፤ መስቀለኛ መንገድ ላይም ጆንያውን ማዞር ነው፣ አቅጣጫው እንዲጠፋት። እኔም ከአዲስ ዓለም እስከ መናኸሪያ መስቀለኛ ባገኘሁ ቁጥር ሳዞር ሳዞር ለራሴው ዞረብኝና የአዘዞ ማኪና ውስጥ ልገባ ነበር።

በመንገድ ላይ ሱልጣን አለቀሰ። አንዲት ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ "ኧረ ልጅ ነው እንዴ በጆንያ የያዝኸው?" ብላ ጮኸች። ድመት መሆኑ ሲታወቅ ማኪናው በሁለት ተከፈለ። ሴትዮዋ ድመቷ ባትኖር ሽንኩርቷን ያሰረችበትን ከረጢት ሁሉ አይጥ ይጨርሰው እንደነበር ተናገረች። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ውሻቸው ጥጃቸውን ከጅብ አፍ እንዴት እንዳስጣለ ተረኩ። ሹፌሩ "እኔ ሁለቱንም አልወድ፤ አንዱ ይጮህብኛል አንዷ ጎማ ሥር ትገባብኛለች" አለ። ሁሉም የሚያወራው እንስሳው ስላተረፈለት ነገር መሆኑን ያኔ ልብ አላልሁም። እኔ የሱልጣንን ገድል በመጨመር ላይ ነበርሁ።

ደርሰን ሱልጣንን ቤት እስኪለምድ ምሰሶ ላይ አሰርነው። "እቴ አለሚቱ፣ ትንሽ ወተት አይጠፋም? ወይ የተረፈ ሥጋ?" አልሁ።

እቴ አለሚቱ አፋቸውን ይዘው አዩኝ። "አንተ ልጅ! ሁዳዴ ገብቷል እኮ! ላሚቱ ነጥፋለች፣ ቢላዋውም እስከ ፋሲካ ተሰቅሏል።"

ያን ጾም ለራሴ ሆድ ስወደው ኖሬ ለሱልጣን አላሰብሁለትም። የሽሮ ፍትፍት ቀረበለት። አሸተተው፣ ውኃ እንደ ነካው ሰው እግሩን አራገፈ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ።

አያ ውበቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይኸስ ከንስሐ አባታችን የባሰ ጾመኛ ነው።"

በማግስቱ ጠዋት አንዲት አይጥ ከግድግዳው ሥር ወጥታ በፊቱ አለፈች። አላጋንንም፣ ቆም ብላ አየችው። እሱም አያት። ገበያ ላይ እንደሚተዋወቁ ሰዎች ተላለፉ። ጎረቤቶች ወሬ ሰምተው መጡ።

"አያ ውበቱ፣ የነጋዴው ልጅ ያመጣው ነብር ይኸ ነው? ምነው ይተኛል?"

"እየሰለለ ነው" አልሁ እኔ። "ዝም ብሎ የሚዘል የእናንተ አገር ድመት ነው።"

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከሰዓት በኋላ ግን ሳቁ አለቀብኝ። አያ ውበቱ ቦራን ከግጦሽ አምጥተው ሲያጥቡት አየሁ፤ በማግስቱ ገበያ ነው። እቴ አለሚቱ አዲስ ገመድ አመጡና አንገቱ ላይ አሰሩለት። አያ ውበቱ አንገቱን ያሻሉ፣ ያሻሉ። እኔን አልወቀሱኝም፤ ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ተነሥቼ ሱልጣንን ፈታሁና ታቅፌ ወደ ጎተራው ሄድሁ። "በል እንጅ" አልሁት፤ "የእናቴን ሳንባ ስትበላ የኖርኸው ለዚች ቀን ነው።" እሱ እጄ ላይ ሊተኛ ይመቻቻል። በዚህ መሀል ዳማ ከበጎቹ ቀድሞ ገባ።

ሱልጣን በዕድሜው ውሻን በቅርብ አይቶ አያውቅም። ተነፋ፣ ጠጉሩ ቆመ። ዳማ ግን ከጅብ ጋር የታገለ ነው፣ በተነፋ ድመት አይሸበርም። ሱልጣን ደረቴን ቧጥጦ ወረደና በድንጋዮቹ መሀል ገብቶ ጎተራው ሥር ጠፋ። ዳማ ተከተለው፤ አልገባ ሲለው በሁለት እጁ መቆፈር ጀመረ። አፈሩ ወደ ኋላ ይዘንባል። ጎትቼ እንዳላስቀረው እጄ አልሄድ አለኝ፤ የእናቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነው።

"አያ ውበቱ! ኧረ ድረሱ! ሱልጣንን ሊበላብኝ ነው!"

ሮጠው መጡና ዳማን ሊይዙ ጎንበስ እንዳሉ ቆሙ። "ተወው! ተወው ይቆፍር! እይ!"

መሬቱ ተደረመሰ። ከተደረመሰው ጉድጓድ አይጥ ጎረፈ። ዳማ አንዷን ነክሶ ይወረውራል፣ ሌላዋን ይነክሳል። ወደ ውስጥ የተመለሱት ደግሞ ሱልጣን ላይ ወደቁ፤ ከጎተራው ሥር ከእሱ ሰምቼው የማላውቅ ጉርምርምታ ወጣ። አያ ውበቱ ዶማ አመጡ፣ ሲስቁብኝ የነበሩት ጎረቤቶችም ዱላ ይዘው ደረሱ። ጉድጓዱን ተከትለን ስንቆፍር ውስጡ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የተከማቸ ገብስ! ያልተበላ፣ ፍሬው ሙሉ የሆነ ገብስ። አይጦቹ ከእኛ የተሻለ ጎተራ ሠርተዋል። እቴ አለሚቱ መሬት ላይ ቁጭ ብለው በሰፌድ ይዘግናሉ፤ ይሳቁ ያልቅሱ መለየት አልቻልሁም።

በመጨረሻ ሱልጣን ወጣ። ነጩ ደረቱ ጭቃ ሆኗል፤ አፉ ውስጥ አይጥ አለች። ዞር ብሎ አላየንም። ጥግ ሄዶ በላት። በዚያ ቤት ሁዳዴን የገደፈ እሱ ብቻ ነው።

አያ ውበቱ ዶማቸውን ጥለው ሄዱና ከቦራ አንገት ላይ አዲሱን ገመድ ፈቱት።

ከዚያ በኋላ የቀረው ክርክሩ ነው። "የቆፈረው ዳማ ነው" ይላሉ አያ ውበቱ። "ዳማ ማንን ብሎ ቆፈረ? ሱልጣን አስቦበት ነው የገባ" እላለሁ እኔ። ሰኔ ላይ ገብሱ ተዘራ፣ በመስከረም አረንጓዴ ሆኖ አየነው፣ ክርክሩ ግን አላለቀም። ጎተራውን እንዲጠብቅ ሱልጣን እዚያው ቀረ።

በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ እናቴ ሳንባውን በፌስታል ቋጥራ ሰጠችኝ። ሱልጣን ከስቷል፣ ፈጥኗል። ሳንባውን በላ፣ እኔን ግን ዕቃ አምጥቶ እንደሚሄድ ነጋዴ አየኝና ወደ ሥራው ሄደ። ቤት ስገባ እናቴ "ስለ እኔ ምን አለ?" አለችኝ። "ሰላም በላት ብሏል" አልኋት።

የማልነካው ዳማ ግን ከዚያ ከጎተራው ቀን ጀምሮ ስመለስ እስከ ማኪናው ይሸኘኝ ጀመር። ማኪናው እስኪሞላ ፊቴ ቁጭ ይላል። የሚፈልገውን አውቃለሁ፤ የቤቱ ሰው ሁሉ በእጁ ያደርግለታል። እኔ ደግሞ ማታ ሶላት አለብኝ፣ ሳላጥብ ብገባ እናቴ አለችብኝ። አንድ ቀን ዱላዬን ዘረጋሁና ጀርባውን በጫፉ አከክሁለት። ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ወዲያ ዱላዬን ሲያይ ጀርባውን ያዞርልኛል። አያ ውበቱ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "ሙስጤ፣ ውሻ በዱላ ሲወደድ ዛሬ ገና አየሁ!"

አሁን አያ ውበቱም የሉም፣ ዳማም፣ ሱልጣንም። ቤቴ ያለች አንዲት ድመት የመስገጃዬን ጫፍ ይዛ ትተኛለች፤ እኔም እንደ አባቴ በቀረው ላይ እሰግዳለሁ። ሱቄ በር ላይ ደግሞ ይኸ ባለቤት የሌለው ውሻ አለ። ሰው ድመት ወይ ውሻ ወደድሁ ሲል የሚነግረን ምን እንዳያጣ ይፈራ እንደነበር ይመስለኛል፤ አያ ውበቱ በጉን፣ ሴትዮዋ ሽንኩርቷን። እነዚህ ልጆች ገና ምንም ስላልጠፋባቸው በፎቶ ይመርጣሉ፤ ጎተራ ሲኖራቸው ያውቁታል።

"ጋሼ፣ እና የትኛው ይሻላል? አልፈረዱም እኮ" አለ የቡችላው ልጅ።

እኔ ሳልመልስ ድመት ወዳዱ፣ ቅድም ሁሉ ከውሻው ርቆ የቆመው፣ ጠጋ አለ። "ጋሼ ሙስጤ፣ ያን ዱላ እስቲ ያውሱኝ" አለ።

ሰጠሁት። ውሻው አንድ ዓይኑን ገልጦ ዱላውን አየና ተገላብጦ ጀርባውን ሰጠው።